ጄኔሬተር አለን ማለት ምን ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። መብራት፣ ድርቅ፣ ኔትወርክ፣ ባክአፕ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ «ነገሩ ድንገት ቢቋረጥ እንችለዋለን ወይ፣ መቻላችንንስ በምን እናውቃለን?» ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ ላይ አደረግናቸው። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አዳማ ውስጥ አነስ ያለች የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ አለችን። ከእኛ ጋር መሥራት የፈለገ አንድ ድርጅት ባለሙያ ልኮ «ድንገተኛ ችግር የመቋቋም አቅም» የሚባል ግምገማ አደረገልን። ስድስት ገጽ ፎርም ነው። ሰውየው እየዞረ ጄኔሬተር አለ? አለ፣ ራይት። የውሃ ሮቶ አለ? ራይት። እሳት ማጥፊያ? ራይት። መጨረሻ ላይ ከ100 84 አገኛችሁ ሲለን በጣም ደስ ብሎን ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ማታ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ አንዲት እናት በሞባይል መብራት ነው ያዋለድናት። እግዜር ይመስገን እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ግን ያ 84 ምን እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ሰውየው ነው የዋሸን ወይስ እኛ ነን የዋሸነው? እንዴት አድርጌስ ነው ራሴ መለካት የምችለው?
ወ/ሮ ሀ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ሁለቱም ደህና ሆኑ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ማንም የዋሸ የለም። ፎርሙ የጠየቀው «አለ ወይ?» ብሎ ነው፣ እናንተም አለ አላችሁ፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ እውነትም አለ፣ አልነሳም አለ እንጂ የትም አልሄደም። ሰውየው የሠራው ንብረት ቆጠራ ነው። ንብረት ቆጠራ ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን እሱን አቅም መለካት ብሎ መጥራት የሠርግ ቤት ድስት ቆጥሮ ወጡ ጣፍጧል እንደማለት ነው።

እኔ ብሆን ከዕቃው አልነሳም፣ ከሥራው ነው የምነሳው። ከአዋላጇና ከጥበቃው ጋር ቁጭ በሉና (ጥበቃውን እንዳትረሱት፣ ማታ ጄኔሬተር የሚያስነሳው እሱ ነው) በዚህ ክሊኒክ ውስጥ መቋረጥ የሌለበት ምንድነው ብላችሁ ጻፉ። ብዙ አይደለም፣ አምስት ስድስት ነገር ነው የሚወጣው። የማዋለጃው ክፍል መብራት፣ ለሚወለደው ሕፃን ኦክስጅን፣ የክትባትና የመድኃኒት ፍሪጅ፣ ውሃ፣ አምቡላንስ የምትጠሩበት ስልክ። ከዛ ከእያንዳንዱ ፊት ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንደኛው፣ ይኼ ነገር ምን ያህል ጊዜ ቢቋረጥ ነው ሰው የሚጎዳው? ሁለተኛው፣ ቢቋረጥ በምን ያህል ጊዜ ነው የምንመልሰው? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ ችግራችሁ እዛ ጋ ነው ያለው፣ ስኮሩ 84 ሆነ 94 ምንም አይቀይረውም።

የመጀመሪያው ቁጥር እንደየነገሩ ሰማይና ምድር ነው የሚለያየው፣ ሰው ግን ሁሉንም «መብራት ሲጠፋ» ብሎ በአንድ ጆንያ ነው የሚከተው። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚለየው ማሽን) የምትጠቀሙ ከሆነ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ይቆማል፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ቁጥሩ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፣ ምንም ፈጣን ጄኔሬተር ቢኖር አይደርስለትም፣ አጠገቡ መብራት የማይፈልግ ሲሊንደር መኖር አለበት፣ ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን ብቻ ሳይሆን መክፈቻ ቁልፉ እዛው ላይ መታሰሩንም እዩ (ቁልፉ መጋዘን ተቆልፎበት ያየሁበት ቦታ አለ፣ ስሙን አልጠራም)። ደግሞ በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ እናንተም ጋ ሲሰማ እንደነበር አትረሱም፣ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት ይታሰር። ፍሪጁ ሌላ ነው፣ ካልተከፈተ ለሰዓታት ይይዛል። ክትባቱም ኦክሲቶሲኑም (ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው መድኃኒት) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቆየት ያለበት፣ ሰው ግን የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደንግጦ በረዶ ይጠቀጥቅበታል፣ የቴታነስ መከላከያ ያለባቸው ክትባቶችና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በረዶ ከያዛቸው አለቀላቸው፣ ሙቀት ከነካቸው ይልቅ በረዶ የነካቸው ነው የሚብሰው። የካርድና የሂሳብ ኮምፒውተር? እሱ አንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋ በወረቀት ትሠራላችሁ፣ አንድም ሰው አይጎዳም። ብዙ ቦታ ግን ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራው ሳጥን) የተሰካው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ማንም ፎርም አይሠራላችሁም። ከእያንዳንዱ መጠባበቂያ ፊት «ይኼስ በምን ላይ ነው የተንጠለጠለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ሲመጣ እሱንም መልሳችሁ ጠይቁት። ጄኔሬተሩ በምን ይነሳል? በባትሪ። ባትሪውን የሚሞላው ምንድነው? ቻርጀር፣ ቻርጀሩ ደግሞ ከመብራት ነው የተሰካው፣ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ ተነቅሏል። ናፍጣውስ? ከማደያ። ክፍያውስ? ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ነው የሚቀዳው፣ ዲጂታል ክፍያ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ የኔትወርክ ማማው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ከጠፋ በባትሪ ትንሽ ይቆይና እሱም በተራው ናፍጣ ይፈልጋል። አያችሁት? ዞሮ ዞሮ መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ነገር መብራት እንዲኖር የሚፈልግ ሆኖ ቁጭ አለ። ሮቶውም እንደዛው ነው፣ ጣራ ላይ ሞልቶ ከሆነ በራሱ ይወርዳል፣ ከታች በፓምፕ የሚሞላ ከሆነ ግን ባዶ በርሜል ማለት ነው።

ይኼ የደሃ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2012 ሳንዲ የሚባለው ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ ቤልቪው የተባለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹን ጎርፍ እንዳያገኛቸው ብሎ 13ኛ ፎቅ ላይ ነበር ያስቀመጣቸው፣ ጥሩ አሰበ አይደል? ነዳጅ ወደላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበር፣ ጎርፉ እሱን ዋጠው፣ በመጨረሻ ሠራተኞችና ወታደሮች ደረጃው ላይ ተሰልፈው ናፍጣ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ እስከ 13ኛ ፎቅ አደረሱ። የጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫም እ.ኤ.አ 2011 ላይ እንዲሁ ነው፣ ከሱናሚው በኋላ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ አብዛኞቹ ዝቅ ያለ ቦታ ስለነበሩ አንድ ላይ ሰመጡ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠውና በአየር የሚቀዘቅዘው የስድስተኛው ሪአክተር ጄኔሬተር ነው ተርፎ ስድስተኛውንም አምስተኛውንም ያዳነው። ብዛታቸው አልነበረም ነገሩ፣ አንድ ነገር ሁሉንም በአንዴ ማግኘት መቻሉ ነው።

ይኼን ሁሉ ወረቀት ላይ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው፣ ማጥፋት። ቀልዴን አይደለም። ምጥ ላይ ያለች እናት፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ሕፃን በሌለበት እሁድ ጠዋት ለሁሉም ነግራችሁ ዋናውን ብሬከር ዝቅ አድርጉትና ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ምክንያቱም ተነስቶ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ግሎ የሚጠፋ ጄኔሬተር ሞልቷል። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ውጭ የሚነበብ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። የሚወድቀውን ሁሉ ጻፉ፣ ማንንም አትቆጡ፣ በተለይ ጥበቃውን፣ አንዴ ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው «ሁሉ ሰላም ነው» ነው የሚላችሁ። ከዛ በኋላ ደግሞ አንድ ደብተር ጄኔሬተሩ አጠገብ ስቀሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር መቼ ጠፋ፣ መቼ ተነሳ፣ ምን እምቢ አለ፣ ምን ቀየርን። በየሳምንቱ መብራት የሚጠፋበት አገር ውስጥ እያንዳንዱ መጥፋት በነጻ የሚሰጥ ፈተና ነው፣ እኛ ግን መብራቱ ሲመጣ አጨብጭበን እንረሳዋለን። ደብተሩ ላይ ያው ብልሽት ሁለቴ ከተጻፈ ክሊኒኩ ችግሩን እየቻለ እንጂ እየተማረ አይደለም ማለት ነው፣ በእኔ ሚዛን ከ84ቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው።

ለዛ ድርጅትም ፎርሙን መልሱለትና ከ«አለ/የለም» ጎን «ለመጨረሻ ጊዜ ጭነት ይዞ የሠራው መቼ ነው?» የሚል አንድ ኮለም ይጨምርበት። እሁዱን ሞክሩትና ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ማስተርሴን እየሠራሁ ነው፣ ርዕሴ ገበሬ ቤተሰቦች ድርቅን የመቋቋም አቅማቸውን መለካት ነው። አማካሪዬ ኢንዴክስ (ብዙ መለኪያ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠቀለልበት ስኮር) ተጠቀም ይለኛል፣ እኔ ግን ብዙ ኢንዴክስ ስላለ ግራ ገባኝ። የቱን ልውሰድ? ደግሞ በአማርኛ «አይበገሬነት» ልበለው?
ተማሪው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከቃሉ ልጀምር ምክንያቱም ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ከተባለ ወዲህ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ «የማይበገር» ይላል፣ ለእኔ ግን አይበገሬ ማለት የማይንበረከክ ጀግና ነው፣ ድርቅ ደግሞ በጀግንነት አይታለፍም። የእኛ ሰው ክፉ ቀንን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ነው የሚለው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከዛ ቀና ብሎ። ነገሩ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ በ1973 ሆሊንግ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ምህዳር ሰው ሁለቱን ለይቶ ጽፏል፣ ምንም ሳይነቃነቅ መቆየት አንድ ነገር ነው፣ ተናውጦ ተናውጦ ማንነቱን ሳያጣ መቀጠል ሌላ ነገር ነው። ምሳሌው አገሩ ውስጥ ያለ ጫካ ነበር፣ በየተወሰነ ዓመቱ ትል ይመጣና ዛፉን ይጨርሰዋል፣ ሲታይ ምንም መረጋጋት የለውም፣ ግን ጫካው ጫካ ሆኖ ዘመናትን ቆይቷል። ስለዚህ ትርጉሙን እስከጻፍክ ድረስ የፈለግከውን ቃል ተጠቀም፣ «ችሎ የመመለስ አቅም» ብትል እኔ ደስ ይለኛል፣ አማካሪህ ግን ላይወደው ይችላል።

ኢንዴክሱን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሪማ የሚለው አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚወስደው፣ አራት ምሰሶ አለው፦ መሠረታዊ አገልግሎት ማግኘት፣ ሀብት፣ ማኅበራዊ ድጋፍና የመላመድ አቅም። ውሰደው፣ ክፋት የለውም። ግን ድርቁ ሳይመጣ የተሰጠ ስኮር ግምት ነው፣ ከላይ ለአዳማዋ እመቤት እንዳልኩት። ከተቻለህ ያው ቤተሰቦች ላይ ከድርቁ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ ዳታ ፈልግ፣ ከዛ ቀድሞ ከፍተኛ ስኮር ያገኘው እውነትም ቶሎ ተመልሷል ወይ ብለህ ኢንዴክሱን ራሱን ፈትነው። ይኼ ብቻውን አንድ ቴሲስ ይወጣዋል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቅ። «በድርቁ ጊዜ በቀን ስንቴ በሉ?» ብለህ ብቻ ከጠየቅክ ሁለት ቤት እኩል ይወጣልሃል፣ አንዱ ከጎተራው አውጥቶ የበላ፣ ሌላው የእርሻ በሬውን ሸጦ የበላ። በዛ ዓመት ሁለቱም ጠግበዋል። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሁለተኛው በሬ ተከራይቶ ወይ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ነው የሚያርሰው፣ የዘር እህሉንም በልቶት ከሆነ ጭራሽ ነው። በ1997 ሴፍቲኔቱ ሲጀመር አንዱ ዓላማ ይኼው ነበር፣ ሰው ለመብላት ብሎ ጥሪቱን እንዳይሸጥ። ስለዚህ መጠይቅህ ውስጥ ምን ሸጣችሁ፣ መቼ መልሳችሁ ገዛችሁ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጣ ወይ የሚለው ካልገባ የምትለካው ጽናትን ሳይሆን ዕዳን ነው።

ደግሞ «ምንን የሚቋቋም?» ብለህ ሳትወስን አንድም ሰው ቤት አትሂድ። ሐዋሳ ነው ያለኸው፣ ዞር ብትል እንሰት ታያለህ። እንሰት ለድርቅ የሚያህለው የለም፣ ዝናብ ቢዘገይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲቸግር የሚቆረጥበት ወር የተወሰነ አይደለም፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሃያ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእሱ ይኖራል ይባላል። ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ የተመዘገበ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ አለ፣ አንዱን የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ወደጎረቤት ጓሮ ሲሄድ በሽታውም አብሮ ይሄዳል፣ ቢላዋ መዋዋስ ደግሞ የጉርብትና ወግ ነው። አየህ፣ ከድርቅ የሚያድነው መረዳዳት ለበሽታው መንገድ ይሆናል። ያው ጓሮ ለድርቁ 90፣ ለበሽታው 30 ሊያገኝ ይችላል፣ አንድ ኢንዴክስ አማካዩን ሲሰጥህ ሁለቱንም ይደብቃቸዋል።

ጥያቄ፦ የዓባይ ግድብ አልቆ የለ እንዴ? ታዲያ ለምንድነው እኛ ሰፈር መብራት አሁንም የሚጠፋው? ግድቡ ካለ ከዚህ በኋላ አንፈራም ማለት አይደለም?
ከጎሮ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ግድቡ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ጎሮ መንገዱ ረጅም ነው። በመሃል ከፍተኛ መስመር፣ ሰብስቴሽን፣ ከዛ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዛ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ የሚነካው ሽቦ አለ። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግድቡ ሺህ ቢያመነጭ ለእናንተ አይደርስም። ምንጭ ማብዛትና ማድረሻውን ማጠንከር የተለያየ ሥራ ነው፣ የመጀመሪያው ይመረቃል፣ ሁለተኛውን ማንም ሪባን አይቆርጥለትም።

ግድቡ በአገር ደረጃ የሚያስታግሰው ሌላ ፍርሃት አለ ግን። ግንቦት 2011ን ታስታውሱ እንደሆነ የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ወርዶ አገሩ በሙሉ በፈረቃ ነበር፣ የጎደለው 476 ሜጋ ዋት ነው ተብሎ ነበር። ጊቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ስንቆጥር ሦስት ግድብ ይመስለናል፣ ግን አንድ የወንዝ ተፋሰስ ላይ የተደረደሩ ናቸው፣ ጊቤ ሁለት እንደውም የሚሠራው ጊቤ አንድ በለቀቀው ውሃ ነው፣ ስለዚህ እዛ ተፋሰስ ላይ ዝናብ ሲጠፋ አንድ ላይ ነው የሚደክሙት። ዓባይ ሌላ ተፋሰስ ነው፣ ይኼ ይረዳል። ዞሮ ዞሮ ግን አብዛኛው መብራታችን አሁንም ውሃ ነው፣ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ ዓይነቱ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚወደደው ለዚህ ነው፣ በጋ ላይ ውሃው ሲቀንስ ነፋሱ ይነፍሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እናቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ናት፣ በየወሩ በአፕ ነው የምልክላት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ምንም ማድረግ ሳልችል እቀመጣለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም። ሁለተኛ አፕ ላውርድ?
ሰላም ነኝ ያለች

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛው አፕም በዛው ኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ሁለት መንገድ ያለሽ ይመስልሻል እንጂ ድልድዩ አንድ ነው። ሦስት ደረጃ ብለሽ አስቢው። ዳታ ተቋርጦ ድምፅ የሚሠራ ከሆነ ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በኮከብ 127 መሰላል ይሠራል፣ እናትሽ ጋ ያለ ልጅ ያንን አንዴ አብሯት ይለማመድ፣ ሲቸግር አይደለም፣ አሁን። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ስልኳ ላይ ገብቶ እሷ ሰፈር ያለው ወኪል ጥሬ ብር ላይኖረው ይችላል፣ እሱንም ጠይቂ። ሦስተኛው፣ ሁሉም ሲጠፋ። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂ የለም፣ ሰው ነው ያለው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከማውረድሽ በፊት ደውዪና አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፣ «ባለፈው ሲጠፋ ማን ጋ ሄድሽ?» በይ። አንቺ እንቅልፍ ስታጪ እሷ እኮ በልታ ኖራለች። ምናልባት በዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅ አለ፣ ምናልባት የእድሯ ሰው አበድሯታል፣ ምናልባት ዶሮ ሸጣለች። የእናትሽ እውነተኛ ሲስተም ያ ነው፣ አንቺ የላክሽው ብር ደግሞ እሱን ማጠንከር አለበት። ባለሱቁ ከሆነ ዱቤው በወሩ መጨረሻ በጊዜው ይከፈለው፣ እንደውም ትንሽ ቀድሞ ይቀመጥበት። እድሩ ከሆነ መዋጮዋ እንዳያልፍ። ዶሮና በግ ሸጣ ከሆነ ግን ለክፉ ቀን የሁለት ሦስት ወር የሚሆን እህል ጎተራ ውስጥ ይግባ፣ ብሩ ስልክ ላይ ከሚቀመጥ። እናቶች «ምንም አልቸገረኝም» ይሉሻል፣ እሱን አትመኚ፣ ጎረቤቷን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አለቃችን የቢሮው ዶክመንት በሙሉ ክላውድ ላይ ነው፣ ምንም አይሆንም ይላል። እውነት ነው?
አይቲ ነኝ ግን ማንም አይሰማኝም

መልስ፦ አለቃህን አንድ ነገር ጠይቀው፣ ካለፈው ዓመት አንድ ፋይል አሁን ጠፍቷል እንበልና እስከ ምሳ ሰዓት መልሰህ አምጣ በለኝ በለው። ከቻልክ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አላችሁ፣ ካልቻልክ ባክአፕ ነው ብላችሁ የምታስቡት ነገር ነው ያላችሁ። ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ካምፓኒ እ.ኤ.አ ጥር 31፣ 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋና አምስት ዓይነት ባክአፕ ነበራቸው፣ ሲፈልጉት አንዱም በትክክል የሚሠራ አልነበረም፣ ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ኮፒ ነው። እነሱ ፕሮግራመሮች ናቸው እኮ።

ደግሞ ሲስተም የሚያስቸግረው ሲቆም ብቻ አይደለም። «ሲስተም የለም» መባል ያናድዳል፣ ወረፋ ላይ ስንቴ አብረን ተናደናል፣ ግን ቢያንስ መቆሙን ታውቃለህ። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ሳይቆም ሰው ከሒሳቡ በላይ እንዲያወጣ ለቆ ሌሊቱን አደረ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፣ ከዛ መመለሱ ሳምንታት ፈጀ። ስለዚህ አንተ ቢሮ ውስጥም «ቢቆምስ?» ብቻ ሳይሆን «እየሠራ ተሳስቶስ ቢሆን ማን ያየዋል፣ በስንት ሰዓት?» ብለህ ጠይቅ። ያኔ ይሰሙሃል፣ ብር የሚለው ቃል ካለበት ሁሉም ይሰማል።

ማተሚያ ቤት ልንገባ ስንል ደግሞ ከአዳማ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን፣ አሳጥረን እነሆ።

«ባሉን መሠረት እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ብሬከሩን አወረድነው። የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ የቀኑ ጥበቃ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤተክርስቲያን። እሱ እስኪመጣ 25 ደቂቃ። ባትሪው ሞቷል፣ የባለቤቴን መኪና ባትሪ አምጥተን በሦስተኛው ተነሳ። ተነሳ ብለን ስንጨበጭብ እንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን በራ፣ ማዋለጃው ግን ጨለማ። ለካ አምና ክፍሉን ስናድስ ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ከጄኔሬተሩ አውጥቶታል። ፍሪጁ ከሁለት ሰዓት ከአርባ በኋላ 8 ዲግሪ ደረሰ፣ እኔ አንድ ሰዓት እንኳን የሚይዝ አልመሰለኝም ነበር። ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ቁልፉ የለም። አዋላጇ አለቀሰች፣ ከዛ ሁላችንም ሳቅን። አሁን ስኮራችን ስንት ነው?»

መልስ፦ ስኮሩን ተዉት፣ አሁን ቁጥር አላችሁ። ፍሪጁ ጋ ያሰባችሁት ፍርሃት እንኳን ግማሹ ውሸት ነበር፣ ማዋለጃው ጋ ደግሞ ፈተናው ባይደረግ እስከሚቀጥለው ሌሊት አታውቁትም ነበር። የጄኔሬተሩን ክፍል ቁልፍ ሦስት ኮፒ አስደርጉ፣ አንዱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ለጄኔሬተሩ አዲስ ባትሪ ግዙና ጥበቃው በየሳምንቱ ቅዳሜ ጭነት አስይዞ ግማሽ ሰዓት ያሠራው፣ ደብተሩ ላይም ይፈርም። ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩትና ማዋለጃውን፣ ፍሪጁንና የውሃ ፓምፑን መስመሩ ላይ ያስገባ፣ ሲጨርስ እዛው ቆማችሁ አጥፍታችሁ አብሩት፣ ሒሳቡን ከዛ በኋላ ክፈሉት። የሲሊንደሩን ቁልፍ ዛሬውኑ። ሁለተኛው ፈተና ከወር በኋላ ማታ ይሁን፣ ለማንም ሳትናገሩ፣ ከተረኛዋ አዋላጅ በስተቀር። ቴሌቪዥኑን ግን ከዛ መስመር ንቀሉት።